የእናቴ ድምፅ

ጠበቃው ብሪንሊ በሠረገላ ግቢያችን የገባ ዕለት እናቴ እጇ እስከ ክርኗ ኖራ ለብሶ ቆዳ ትፍቅ ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንደዚያ ያለ ሠረገላ እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም። የቆዳ ማልፊያ ከሩቅ ይሸታል፤ በክሮስኪል ደህና ልብስ የለበሰ ሰው ወደኛ ብቅ የሚለው ነፋሱ ወደ ወንዙ ሲነፍስ ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር የመታው። ብሪንሊ ከሠረገላው ወረደ፣ መሐረቡን አወጣ፣ ወደ አፍንጫው ሊወስደው ብሎ ተወውና ባርኔጣውን አንሥቶ ለእናቴ እጅ ነሣ። በብብቱ ሥር በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ድፍን ስኳር ይዟል።

ቆዳ ለማልፋት ከተከመረው የዛፍ ቅርፊት ኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ።

“ወይዘሮ ዶርካስ፣ የመጣሁት ድምፅዎን እንዲሰጡኝ ለመለመን ነው” አላት።

እናቴ መፋቂያውን እንኳን አላስቀመጠችም። እንደምታስብበት፣ ገና ጊዜ እንዳለ፣ ደግሞም መሬቱ ስለሚያንሸራትት ሲመለስ እንዲጠነቀቅ ነገረችው። ስኳሩን አልመለሰችም፤ ተስፋም አልሰጠችውም።

እኔ ግን ደነገጥኩ። ከጥቂት ቀን በፊት እናቴ ለፕራይመስ የነገረችውን ሰምቼ ነበርና። ፕራይመስ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አብሮን የሚሠራ፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው ነው፤ ወንዙ ዳር የራሱ ቤትና የራሱ የአትክልት ቦታ ነበረው። ሁለቱ ከጉድጓድ ቆዳ እያወጡ ሲያወሩ እናቴ ባል ካገባች ድምፅዋን እንደምታጣ ተናገረች። እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። ፕራይመስም አልደነገጠም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ ምን ይደረጋል፣ ብሎ ቆዳውን ጎተተ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ያገቡትን ሴቶች እየዞርኩ አዳምጥ ጀመር። የሰባኪው ሚስት የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፤ ይኸው፣ አልኩ። አስተማሪያችን ካገባች በኋላ ትምህርት ቤት ዝር አላለችም፤ ይኸው። የባለ ወፍጮው የአቤል ስታውት ሚስት ግን ባሏን ስትጠራ ከወንዙ ማዶ ይሰማል፤ እሷን እንዴት እንደተዉላት ሊገባኝ አልቻለም።

የእናቴ ድምፅ ጎርነን ያለ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጠዋት የምነቃው በዚያ ድምፅ ነው። ፈረሱን የምትቆጣበት፣ እርጥብ ቅርፊት ያመጡባትን ሰዎች የምትሳደብበት፣ መዝሙረ ዳዊት የምታነብልኝ ድምፅ ነው። ብሪንሊ ሚስቱ የሞተችበት መሆኑን አውቃለሁ። ባርኔጣ አንሥቷል፣ ስኳር አምጥቷል፣ ድምፅ ለምኗል። ነገሩ ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ይሁን?

በማግስቱ አቤል ስታውት ራሱ መጣ። በጭስ የደረቀ የአሳማ ጭን ተሸክሟል። እሱም እንደ ብሪንሊ ድምፅዋን ለመነ፤ ድምፅዋን ለብሪንሊ ከሰጠች አገሩ ለባለ ሠረገላዎች እንደሚቀር፣ ታክሱ እንደሚከብድ፣ ተራ ሰው መተንፈሻ እንደሚያጣ ነገራት። እናቴ የአሳማውን ጭን ተቀብላ ሰቀለችው። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ፣ እንደዚያ የምትጮህ ሚስት ቤቱ ያለችው ሰው ሌላ ድምፅ ምን ሊያደርግለት እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ።

ልጆቼ ይህን ስነግራቸው እስኪያስነጥሳቸው ይስቃሉ። ዛሬ ለእነሱ ማስረዳት ያለብኝ ግን የእኔን ሞኝነት አይደለም፤ እናቴ የሚለመን ድምፅ የነበራት መሆኑን ነው እንጂ። እሱን አያምኑኝም። በኒው ጀርሲ በነፃነት ጦርነቱ ዓመት የተጻፈው ሕገ መንግሥት፣ ዕድሜው የደረሰና ሃምሳ ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ያለው ነዋሪ ሁሉ ይምረጥ ይል ነበር። ነዋሪ ሁሉ። ወንድ አይልም፤ ነጭም አይልም። ባል ያላት ሴት ንብረቷ የባሏ ስለሆነ አትመርጥም። ባል የሞተባትና ያላገባች ሴት ግን፣ ንብረት ካላት፣ እንደማንኛውም ወንድ ወረቀቷን ሣጥን ውስጥ ትከታለች። ፕራይመስም ቤቱና መሬቱ ስላለው ይመርጥ ነበር። በዚያ መከር የእነ ብሪንሊ ፌዴራሊስቶችና የእነ ስታውት ሪፐብሊካኖች አንገት ለአንገት ተያይዘው ስለነበር፣ የክሮስኪል መበለቶች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያን ያህል ተከብረው አያውቁም።

እኔ የማውቀው ድምፅ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ብቻ ነበር።

ስጦታ ሳይዝ የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኮርቻ ሰሪው ጌሪት ፎርሂስ። ጌሪት ቅዳሜ ቅዳሜ ቆዳ ሊመርጥ ይመጣል። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ጆሮው ሰፊ፣ ጣቱ በሰም ክር የተቆራረጠ፣ ሲናገር የደች አያቶቹ ምላስ ትንሽ ትንሽ የሚጎትተው። እሱና እናቴ ሲገናኙ ይጣላሉ። በቀስታ ይጀምሩና ፈረሱ ጆሮውን እስኪያቆም ይጯጯሃሉ። እኔ ጠቡ በቆዳ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ደጋግሜ የምሰማው ስለ ብራና ነው። ጌሪት፣ እናንተ ሰዎች ብራናውን ትለጥጡታላችሁ፣ የሌለበትን ታነቡበታላችሁ፣ አንድ ቀን ይቀደዳል ይላታል። እናቴ ደግሞ ካልተለጠጠ ለማን ይበቃል ትለዋለች። እኛ ብራና አንሠራም ነበር። የሆነ ቦታ ደብቃ የምትሠራው መስሎኝ ግቢውን ሁሉ ፈልጌያለሁ።

የሚሉት የፊላደልፊያውን፣ የአገሩን ሁሉ ትልቁን ሕገ መንግሥት ነበር። አባቴ በጦርነቱ ያገለገለበት ደመወዝ ዶሮ በማይገዛ ወረቀት ተከፍሎት ስለነበር፣ እናቴ ጠንካራ መንግሥት ትወድ ነበር፤ ፌዴራሊስት ነበረች። የጌሪት የአጎቱ ልጅ ደግሞ መጠጥ ቤት ውስጥ በፌዴራሊስቱ ፕሬዚዳንት ላይ በቀለደው ቀልድ እስር ቤት ገብቷል፤ ስለዚህ ጌሪት ከሪፐብሊካኖች ሁሉ ጯሂው ሪፐብሊካን ነበር። ቆዳውንማ ገና እንደመጣ መርጦ ይጨርስ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት የሚቆየው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

የምርጫው ቀን ዝናብ ጣለ። ብሪንሊ ለመበለቶቹ ሁሉ ሠረገላ ልኮ ነበር። እናቴ አልሳፈርም አለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ የእኔን እጅ ይዛ፣ ፕራይመስ ከጎናችን እየሄደ፣ ጭቃውን በእግር አቋረጥን። መንገድ ላይ አንዴም አላወራችም። እኔ ይህን ዝምታ እንደ መሰናበቻ ቆጠርኩትና ዝም ብዬ አለቀስኩ። ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ምርጫው የሚካሄደው በትልቁ መጠጥ ቤት አዳራሽ ነው። ክፍሉ በእርጥብ ሱፍና በፖም መጠጥ ሽታ ታፍኗል። አስመራጮቹ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሣጥን፣ ከሣጥኑ አጠገብ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። ፕራይመስ ወረቀቱን አጥፎ ከተተ። ማንን እንደመረጠ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ብሪንሊም ስታውትም የእኛ ነው ይሉት ነበር፤ እሱም ሁለቱንም እሺ ይላቸው ነበር።

እናቴ ወደ ጠረጴዛው ስትቀርብ አቤል ስታውት ከሪፐብሊካኖቹ መሐል ተነሣና ይህች ሴት አትመርጥም አለ። ባል አላት፣ ባለፈው ፋሲካ ኒው ብራንስዊክ ወርደው በድብቅ ተጋብተው መጥተዋል አለ። ባሏ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ እጁን ዘርግቶ ግድግዳው ሥር ወደቆመው ወደ ጌሪት ፎርሂስ አመለከተ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ የሆነው ነገር ወዲያው አልገባኝም። በፋሲካ ኒው ብራንስዊክ መሄዳችን እውነት ነው፤ እናቴ ቆዳ ልትሸጥ፣ ጌሪት የናስ ዘለበት ሊገዛ፣ በአንድ ጀልባ ነበር የሄድነው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሲጣሉ ሄደው ሲጣሉ ነው የተመለሱት።

እናቴ መበለት መሆኗን፣ ከአባቴ በኋላ ማንንም እንዳላገባች በእርጋታ ተናገረች። ዋናው አስመራጭ ለመሐላ መጽሐፉን ሊሰጣት ሲል ስታውት፣ እሷማ ለወረቀቷ ስትል ትምላለች፣ እሱን ጠይቁት አለ። ጌሪት የኛ ሰው ነው፣ በገዛ ወገኑ ላይ አይዋሽም ብሎ ጨመረ።

ጌሪትን ወደ ጠረጴዛው ጠሩት። ሲያልፍ ስታውት ትከሻውን መታ አድርጎ “በል እንግዲህ፣ ሚስትህን ውሰድ” አለው። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ጌሪት ግን አልሳቀም። ጆሮው ደም መስሏል። እጁን መጽሐፉ ላይ አኖረና ብዙ ቆየ። እናቴ ቀና ብላ አላየችውም። ዓይኗ ሣጥኑ ላይ ነው። እኔ ቀሚሷን ጨምድጄ ይዣለሁ።

“ሚስቴ አይደለችም” አለ ጌሪት።

ስታውት ዝም ብሎ እንዳይቀር፣ እጮኛህስ አይደለችም ወይ አለው።

“ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሁልጊዜ አይሆንም ትለኛለች።” ጌሪት ይህን ያለው ለስታውት ሳይሆን ለአስመራጩ ነው። “ድምፁ የራሷ ነው። አትንኩባት።”

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ፤ ያሁኑ ሳቅ ግን በጌሪት ላይ ነበር። እሱ ባርኔጣውን አጥልቆ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። እናቴ ወረቀቷን ከተተች።

እኔ እንዴት እንደጠላሁት! ሳህን እንደሚገፋ ሰው “ሚስቴ አይደለችም” ሲል ሰምቼዋለሁ። ደግሞም ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ድምፅዋን ሲለምን የኖረው እሱ ነው፤ አሁን በሰው ፊት ሲያዝ፣ የሰረቀውን እንደሚመልስ ሌባ፣ የራሷ ነው ብሎ አምልጧል። ቤት እንደደረስን እናቴ ፈረሱን ስትቆጣ ሰማሁ። ድምፅዋ አለ። ሣጥኑ ውስጥ የከተተችው ወረቀት ምን እንደሆነ ባላውቅም ዋናው አለ ብዬ ተደሰትኩ።

አድጌ፣ እኔም ሚስት ሆኜ፣ ኮርቻ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብለን ስለዚያ ቀን ጌሪትን ጠየቅኩት። አዎ፣ ሚስቴ ናት ብትል ኖሮ ድምፅዋ ይወድቅ ነበር፣ ወገኖችህም ደስ ይላቸው ነበር፣ እሷም ያን ያህል ሰው ከሰማ በኋላ ሌላ ምን ምርጫ ይኖራት ነበር፣ አልኩት። የያዘውን ክር በሰም እያሸ ቆየ።

“አላየችኝም” አለኝ። “አንዴ ብታየኝ ኖሮ እዋሽ ነበር። ያን ያህል ፈልጌያት ነበር።”

በዚያ ምርጫ ሪፐብሊካኖች ተሸነፉ። ልዩነቱ ጥቂት ስለነበር ያሸነፉን መበለቶቹ ናቸው አሉ፤ ከዚያም ነገሩ ዞሮ ዞሮ ያሸነፈን ጌሪት ነው ሆነ። ያዘዙትን ኮርቻ የተዉ ሰዎች ነበሩ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ የፈረስ ፋንድያ ተለጥፎ ተገኘ። ሲያልፍ “የመበለቷ ኮርቻ” እያሉ ይጠሩት ነበር። እኔ ኮርቻ ይሸጥላት ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ስድብ መሆኑ አልገባኝም።

ክረምቱን ሙሉ እኛ ቤት አልመጣም። እናቴ ቅዳሜ ሲደርስ አንድ ቦታ አትረጋም። ቅርፊት መፍጫውን ታቆማለች፣ በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ መፍጫውን ታስነሣለች። ምን እንደምትጠብቅ ስጠይቃት የወንዙ በረዶ መሰንጠቁን እያዳመጠች እንደሆነ ነገረችኝ። ፕራይመስ አንገቱን ደፍቶ ሲስቅ አየሁት። የቆዳው ገበያ ስለቀዘቀዘ የተጨነቀች መስሎኝ፣ ሌላ ኮርቻ ሰሪ እንፈልግ ብዬ መከርኳት። ወቀሳም ምስጋናም ያልሆነ አስተያየት አየችኝ።

በረዶው እንደቀለጠ ከሁሉ የጠራውን የጥጃ ቆዳ ጠቅልላ በራሷ ትከሻ ተሸከመችና እኔን አስከትላ ወደ ኮርቻ ቤቱ ሄደች። ውጪ ሁኚ አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ውስጥ ጩኸት ተጀመረ። ስለ ጦር ሠራዊት፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ዳኞች፣ ስለዚያ ስለ ብራናው ነው። ሊደባደቡ ነው ብዬ ጎረቤት ልጠራ ስሮጥ፣ የጎረቤቱ ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ ታዳምጣለች፤ ተያቸው ልጄ፣ ዛሬ ደህና ናቸው አለችኝ። ሴትዮዋ ያወቀችውን እኔ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌሪት እንደ ድሮው መጣ። እንደ ድሮው ጠየቃት፤ እንደ ድሮው አይሆንም አለችው። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ሕግ ወጣ። በሌላ አውራጃ ፍርድ ቤቱ የት ይሠራ በሚል ጠብ ሁለት ከተሞች ተፋጠው፣ ሰው በጠዋት አንዴ በከሰዓት አንዴ መረጠ፤ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ተመልሰው መረጡ የሚልም ወሬ ነበር። ያጭበረበሩት እነማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ትሬንተን ላይ የኒው ጀርሲ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ጥፋቱ የሴቶችና የጥቁሮች ሆነ። በአንድም ነገር ተስማምተው የማያውቁት ፌዴራሊስቱም ሪፐብሊካኑም በዚህ ተስማሙ። ከእንግዲህ የሚመርጠው ታክስ የከፈለ ነጭ ወንድ ብቻ ነው ተባለ። ብሪንሊ ያኔ የምክር ቤት አባል ነበር። ለሕጉ እጃቸውን ካነሡት አንዱ እሱ ነው።

ጋዜጣውን ይዞ የመጣው ጌሪት ነው። ግቢው መሐል ቆሞ አነበበ። እናቴ ትፍቅ ነበር፤ ፕራይመስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። እናቴ አንዴ አስቆመችውና፣ ሕገ መንግሥቱ ነዋሪ ሁሉ ይላል እኮ አለች። ጌሪት ሕጉ ሕገ መንግሥቱን አልቀየርኩም እንደሚል፣ ጥርጣሬ ስለነበረ ትርጉሙን ማብራሪያ ነው የሚል መሆኑን ነገራት። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ብራና መለጠጥ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ብራናውን የለጠጡት ግን የራሱም ወገኖች ነበሩ።

“ባል ሳላገባ ሚስት አደረጉኝ” አለች እናቴ።

 ፕራይመስ የቆዳ ማውጫ መቆንጠጫውን መሬት ላይ አኖረ።

“እርስዎስ ይሁን፣ ወይዘሮ ዶርካስ” አላት። “ባል ያገባሉ፤ ማታ የሚጨቀጭቁት አንድ ድምፅ አጠገብዎ ይቀመጣል። እኔ ማንን ላግባ?”

እናቴ ፊቷ ቀላ። ስትቀላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፕራይመስም መቆንጠጫውን አንሥቶ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ።

ጌሪት ሊሄድ ሲል እናቴ እስከ በሩ ሸኘችው። እኔ እንጨት የምለቅም መስዬ ተከተልኳቸው። ያኔ ልጅ አይደለሁም፤ የሚሉትን እረዳለሁ ብዬ አስብ ነበር።

“ዛሬስ አትጠይቀኝም?” አለችው።

“ዛሬ አልጠይቅሽም።”

“የሚያግደኝ ነገር አልቀረም እኮ፣ ጌሪት።”

“ስለዚህ ነው የማልጠይቅሽ። ዛሬ ብጠይቅሽ እነሱ አንቺን አንሥተው የሰጡኝ ይመስለኛል።”

እኔ ይህን ስሰማ ጌሪት ሰለቸችው ብዬ ደመደምኩ፤ አርጅታለች፣ እጇ ሻክሯል፣ ትቷታል አልኩ። ሌሊቱን ለእሷ ሳለቅስ አነጋሁ። ክረምቱ አለፈ፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ቆዳ ይመርጣል፣ ይጣላሉ፤ ግን አይጠይቃትም። በመጨረሻ በግንቦት፣ የዛፍ ቅርፊት በሚላጥበት ሰሞን፣ እናቴ ራሷ ኮርቻ ቤቱ ሄዳ እንደጠየቀችው የጎረቤቱ ሴትዮ ለከተማው ሁሉ ተናገረች። ምን ብላ እንደጠየቀችው ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም። በዚያው ወር ተጋቡ።

ቆዳ ማልፊያው በሕግ የጌሪት ሆነ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው እንግዳ ነበር የሚመስለው፤ ቆዳ ሲፈልግ መጥቶ ይጠይቃል፣ እሷ ዋጋ ትጠራለች፣ ይከራከራል፣ ይከፍላል። ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው ኪሱ የሚከፍል መሆኑን እያወቀ ነው። ብዙ ሰው ሳቀባቸው።

የምርጫ ቀን ሲመጣ ጌሪት ጥሩ ኮቱን ለብሶ ይሄዳል። እናቴና ፕራይመስ ያን ቀን ሌላ ሥራ አይነኩም፤ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ፣ እስኪመሽ ቆዳ ይፍቃሉ። ኮቱን ለብሶ ሊመርጥ የሚሄድ ሰው በአጥሩ አጠገብ ባለፈ ቁጥር መፋቂያቸው ይፈጥናል። ጌሪት ሲመለስ እናቴ ማንን መረጥክ አትለውም፤ እሱም አይነግራትም። አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ዓመት ነው መሰለኝ፣ አፉን ሊከፍት ሲል በኖራ እጇ ከለከለችው። ስለ መንግሥት የሚያደርጉት ጠብ ግን እንደ ድሮው ቀጥሏል። በምርጫው ቀን ብቻ ቤቱ ፀጥ ይላል። እኔ ያን ፀጥታ እናቴ ነገሩን የተወችው አድርጌ ነበር የተረጎምኩት፤ ሰው ባል ሲያገባ ይረጋል፣ ይረሳል ብዬ።

የጌሪት ጨጓራ አስቸጋሪ ነበር። አንዳንድ ዓመት ከምርጫ ሲመለስ እራት ይቀርብለታል፣ ማንኪያውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። በሌላው ዓመት ደግሞ እንደ በሬ ይበላል። ለሕመሙ ዝንጅብል አፍልቼ እሰጠዋለሁ፤ ጎበዝ ልጅ ብሎ ይጠጣል። እስካገባ ድረስ እንደዚህ አስታመምኩት።

ጌሪት የሞተው ፌዴራሊስት የሚባል ወገን ስሙ እንኳ በጠፋበት ዘመን ነው። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት ከእናቴ ጋር ቆየሁ። ፀጉሯ ነጭቷል፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። የጌሪትን ልብሶች እያጣጠፍን ሳለ፣ ያን ጥሩ ኮቱን ስታገኝ፣ ለመሆኑ ማንን ይመርጥ እንደነበር ነግሯት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

“አልነገረኝም። ግን አውቃለሁ” አለች። “አንድ ዓመት የራሱን ሰዎች ይመርጣል፣ አንድ ዓመት የእኔን። በእኔ ዓመት እራት አይወርድለትም ነበር።”

ኮቱ እጄ ላይ ቀረ። እንደዚያ እንዲያደርግ እሷ ጠይቃው እንደሆነ ስጠይቃት ቆጣ አለች። የገዛ ነገሯን ሰው በማንኪያ እንዲያጎርሳት ለምና እንደማታውቅ፣ ቢነግራት ኖሮ ከቤት ታስወጣው እንደነበር ነገረችኝ። ጥቂት ቆይታ፣ ዝንጅብሉን ማጀት አውጥታ የምታስቀምጥልኝ እሷ እንደነበረች፣ በየትኛው ዓመት እንደሚያስፈልግ ገና ሳይመለስ ታውቅ እንደነበር ጨመረችልኝ።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፕራይመስ እዚያ ነበር፤ አርጅቶ፣ ወገቡ ጎብጦ፣ ቅርፊት ይሰበስባል።

“ለፕራይመስ ግን” አለች፣ “እራቱን የተወለት ሰው የለም።”